ምራቂ

ሚዛን ማረም ነው እንጀራዬ፤
በፕሎቭዲቭ፥ ወርቅ ቤቱም ፋርማሲውም ሚዛኔ ዋሸ ባለ ጊዜ
ይነሣል ጥቁር ቦርሳዬ።
ውስጡ፥ በከፋይ በተለበጠ ሣጥን፥ በየጉድጓዳቸው
ከአንድ ግራም እስከ ኪሎ የናስ ድንጋዮች ተኝተዋል፤
በጣቴ አልነካቸው፤
ላብ እንኳ ክብደት አለውና
በመቆንጠጫ አነሣቸዋለሁ፥ ትንፋሼን ይዤ፥ በትሕትና።

ዛሬ ግን፥ ከምሽቱ አምስት ሰዓት፥ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ
ቦርሳዬ ተዘግቶ፥ እኔው ነኝ ሚዛን ላይ።
ከዙሪክ የመጣ ደብዳቤ፥ «እስከ ዓርብ መልስ» ይላል፤
ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ፍራንክ በወር ይከፍላል።
ባሌ ቬሊን ጮክ ብሎ እንደ ዳዊት አነበበው፤
ደገመው። ሠለሰው።
ከዚያ እርሳስ ቀረጸና ቁጭ አልን ልንቀንሰው።

ግብሩ፥ ጡረታው።
ሁለት ክፍል ቤት፥ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ፥ ያውም ከተገኘ።
የጤና መድን፥ የሦስታችን፥ ዘጠኝ መቶ።
(እዚህ ላይ የእርሳሱ ጫፍ ተሰበረ።)
ባቡር። አስቤዛ።
የሕፃናት መዋያው ዋጋ ሲያስደነግጠኝ
«ካሊናን እኔ እይዛታለሁ» አለ፥ «ጀርመንኛው እስኪገባኝ»፤
የአውቶቡስ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው፥ ቀና ብሎ ሳያየኝ።
ጸጉር መቆረጫ፥ ስልሳ ፍራንክ።
መላጣውን ዳበሰ፤ «ተመስገን፥ እዚህስ አተረፍን።»
ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ፥ ከታች፥ አራት መቶ ተረፈን፤
እሱም ጥርስ ካላመመን፥ ክረምቱ ካልበረታ፥
የልጅቷ እግር አድጎ ጫማዋን ካልረታ።

ኦግንያን ቀድሞኝ ሄዷል። ደወልኩለት።
«ድንበር ተሻግረን ነው፥ ቅዳሜ ቅዳሜ፥ ሥጋ የምንሸምት፤
ዳቦም ሱቅ ሊዘጋ ሲል ነው፥ ዋጋው ሲወርድ በምሽት።
ሀብታም ከተማ ገብቼ ድህነትን በሥርዓት ተማርኩ።»
ዝም አለ። ከኋላው የትራም ደወል ሰማሁ።
«ሐይቁ ግን» አለ፥ «ሐይቁ በነፃ ነው።
ከሥራ ወጥቼ እዋኛለሁ፤ ከላይ ሆነሽ ጠጠሩን ትቆጥሪዋለሽ።»

እዚህስ?
ሁለት ክፍል፥ ዕዳ የሌለበት፤
ሊፍቱ ከመጋቢት ወዲህ እንደ ቆመ ያለበት፤
ደመወዜም ወር ሳይሞላ፥ በሃያው የሚሞትበት።

እውነቱን ላውጣው? እንቅልፍ የነሣኝ ገንዘቡ አይደለም።
እዚያ ያለው ሚዛን ነው፤
በመስተዋት እልፍኝ፥ ከሰው ትንፋሽ ርቆ የተቀመጠው፥
ወረቀት ላይ ፈርመሽ ብትሰጪው
የፊርማሽን ቀለም ክብደት የሚነግርሽ።
ሃያ ዓመት የሱቅ ሚዛን ያረመች ሴት
እሱን መንካት ብትመኝ፥ ምኑ ነው ኃጢአት?

ደግሞ አንድ የማውቀው አለ፤ ሚዛን አገር ሲቀይር
እንደ ገና ይታረማል፤ አንድ አይደለም የምድር ስበት፥ ከአገር አገር።
ያው ናስ፥ ያው ድንጋይ፥ ሌላ ቁጥር ይሰጣል፤
ድንጋዩ ግን ምንም አልሆነ።
እኔን ሲያጓጉዙኝስ፥ ደረጃ ስወርድ ስወጣ፥
አራሚው ከየት ይመጣ?

አባቴ ስታሜን በሐሙስ ገበያ ቼሪ ሻጭ ነበር።
የሚዛኑ ምላስ መሐል ላይ ቀጥ ሲል፥
እኔ የምኮራበት ቦታ ላይ፥
አንድ እፍኝ ይጨምርበታል። «ምራቂ!»
በእኔ ሙያ ያ ስሕተት ነው፥ በቀይ ቀለም የሚጻፍ፤
በእሱ ዘንድ ያለዚያ እፍኝ፥ ሽያጩ አያልቅ፥ ገዢው አያልፍ።

ሐሙስ ማታ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት።
ጆሮው ደክሟል፤ ሁለት ጊዜ ነገርኩት።
«እዚያ ቼሪ ስንት ነው?»
«ኪሎው አሥራ አምስት ፍራንክ።»
«ይመርቃሉ?»
«ሚዛኑ ራሱ ዋጋውን ያትማል፥ አባዬ። አጠገቡ ሰው የለም።»
መስኮቱን አየ፥ ምንም የሚታይ ሳይኖር።

ሂጂ አላለም። ቅሪም አላለኝ።
እጁን አናቴ ላይ ጫነ፤ ከባድ እጅ ነው፥
ስንት ግራም እንደ ሆነ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልገምት፥
መረቀኝ።